ስቲከሩ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ፦ የአንድ የዕጣን ሽቶ ጉዳይ

ነገሩን ያነሱት አንዲት እናት ናቸው።

2014 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ሰሞን። ሐዋሳ ውስጥ በተዘጋጀ ባዛር ላይ ጠረጴዛ ተከራይተን ሽቶ እንሸጣለን። ሰባ የሚሞላቸው የሚመስሉ፣ ነጠላ ያጣፉ እናት መጡና ቴስተሯን ብልቃጥ አንስተው አሸተቱ። ደገሙ። ከዚያ አንድ ጠብታ እጃቸው ጀርባ ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ሽቶ ጠብታው እስኪደርቅ ጠብቆ የሚያሸት ገዢ በዓመት ሁለት ቢገኝ ነው።

"ልጄ፣ ምንድነው ያልከኝ?"

"የትግራይ ዕጣን ነው እማማ። ንጹሕ ዘይቱ።"

"አይደለም።"

"ተጽፏል እኮ፣ ይኸው ስቲከሩ ላይ።"

"ማንበቡን ተወው። ስንት ዓመት ቅዳሴ ቆሜያለሁ። ይሄ የቡና ዕጣን ነው። ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። ያኛው ግን አይደለም።"

ሳይገዙ ሄዱ። አብራኝ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን አንዷን ብልቃጥ ይዤ ቤት ገባሁና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳሸት አመሸሁ።

ስለኛ ትንሽ ልበል። ሁለት ነን። እሷ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። እኔ ፎቶ ኮፒና ኅትመት ቤት ነበረኝ፤ የሠርግ ካርድ፣ የውሃ ፕላስቲክ ስቲከር፣ የሱቅ ባነር። አቶቴ በኩል ሁለት ክፍል ተከራይተን ከተፈጥሮ ዘይት ብቻ ሽቶ መሥራት ጀመርን። ቅመማው የሷ ነው። ስቲከሩ የኔ ነው። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቱ የማን እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

ስቲከሩ እንዲህ ይል ነበር፦ "100% ተፈጥሯዊ። የትግራይ ነጭ ዕጣን። ዛፉን ሳይጎዳ የተሰበሰበ። በሴቶች ማኅበር የተመረተ።"

አራት ዐረፍተ ነገር። በዓይናችን ያየነው አንዱንም አይደለም። ሁሉንም የነገረን ዘይቱን የሚያመጣልን ደላላ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሽማግሌ፣ ጋሼ ነው የምንለው። በጀሪካን ያመጣል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ "የዕጣን ዘይት፣ 1 ሊትር" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። የቀረውን ወሬ እኔ በሚያምር ፊደል አተምኩት።

የሚያሳፍረው ደግሞ ይሄ ነው። በዚያ ወቅት ሰሜን ጦርነት ላይ ነበር። ከትግራይ ዕጣን ማምጣት ቀርቶ መቀሌ ስልክ መደወል አይቻልም። ጋሼ ግን ባዘዝነው በሁለት ሳምንቱ ሊትር ያደርስልናል። ከየት አገኘኸው ስንለው "የድሮ ክምችት ነው" ይለናል። አመንን። ስላዋጣን አመንን። አገሩ ሁሉ ያጣውን ዕቃ እንደልቡ የሚያመጣ ሰው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ አንድም ቀን አላፋጠጥነውም።

ወደ ላብራቶሪው

ለማያውቅ ሰው ዕጣን አንድ ነው። ዛፉ ግን ብዙ ዓይነት ነው። "የትግራይ ዕጣን" የሚባለው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚባለው ዛፍ የሚገኝ ነው፤ ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ ስለሚንጠለጠል ነው ስሙ። ስሙ የትግራይ ይሁን እንጂ ዛፉ በመተማ በኩል አልፎ እስከ መተከል ድረስ አለ፣ ገበያ ላይም ሁሉም በዚያው ስም ይሸጣል። የቦረናው ሌላ ዛፍ ነው፣ ቦስዌሊያ ኔግሌክታ፤ የአገሩ ሰዎች ደካራ ይሉታል። የኦጋዴኑ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ዕጣን ነው፣ ሦስቱም ይጨሳል። ዘይታቸው ግን አይገናኝም።

የሚለያቸውን ነገር የአክስቴ ልጅ እንዲህ አስረዳችኝ። የፓፒሪፌራ ዘይት ኦክቲል አሲቴት የሚባል ነገር በብዛት አለው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። ሽታው ጣፈጥ ያለ፣ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነው። የቦረናው ዘይት ላይ ጎልተው የሚታዩት አልፋ ቱጄንና አልፋ ፓይኒን ናቸው። ይሄኛው ጥድ ጥድ ይላል፣ ቁንዶ በርበሬም ያስታውሳል። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያሸተተ ሰው አይስታቸውም። እኛ ጎን ለጎን አሽትተን አናውቅም ነበር፣ ማወዳደሪያ የሚሆን ሌላ ዘይት ስላልነበረን። እማማ ማወዳደሪያውን ይዘው ነው የመጡት።

ናሙና አዲስ አበባ ላክን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚሠራ ላብራቶሪ። ማሽኑ ዘይቱን በእንፋሎት መልክ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ ይዘገያል፣ እያንዳንዱ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ አንድ ጫፍ ይሠራል። ውጤቱን በቴሌግራም ላኩልን። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አዘቅዝቃ ይዛ እንደ ፈተና ወረቀት አየችው። ቱጄን አለ፣ ፓይኒን አለ። ኦክቲል አሲቴት የለም። ትንሽ ሳይሆን ምንም።

"አሮጊቷ ልክ ናቸው" አለች።

ላብራቶሪው "ይሄ የቦረና ዕጣን ነው" ብሎ አልጻፈም፣ እንደሱ ብሎ መጻፍም የለበትም። የጻፈው ውስጡ ያለውን ነው። ከዚያ ተነስቶ ምን እንዳልሆነ መናገር ግን ይቻላል። ፓፒሪፌራ አይደለም።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። "ወንድሜ፣ ዕጣን ዕጣን ነው" አለኝ በረጅሙ። እኔም እልህ ያዘኝና ወረቀቱን አነበብኩለት፤ ኦክቲል አሲቴት የለውም፣ እውነተኛው ግማሹ እሱ ነው፣ እያልኩ። "እሺ፣ እሺ" እያለ ሰማኝ። "ጥሩውን አመጣልሃለሁ።"

በአሥረኛው ቀን አዲስ ናሙና መጣ። ስከፍተው ብርቱካን ሸተተኝ። ደስ አለኝ! ላብራቶሪ ላክን፣ ድጋሚ ከፈልን። ውጤቱ ሲመጣ ኦክቲል አሲቴት ተደርድሯል። የአክስቴ ልጅ ግን ፊቷ አልፈታም። አንገቷን ደፍታ የወረቀቱን መጨረሻ፣ ዘግይተው የሚወጡትን ከባዶቹን ትፈልጋለች።

"ይሄ ዘይት ኮርጇል" አለችኝ።

"እንዴት?"

"መልሱን ጽፏል፣ ስሌቱን ግን አላሳየም።"

የእውነተኛው ፓፒሪፌራ ዘይት ውስጥ ኦክቲል አሲቴት ብቻውን አይመጣም። ኦክታኖል የሚባል ወንድሙ አብሮት አለ፣ ከኋላ ደግሞ ኢንሴንሶልና ኢንሴንሶል አሲቴት የሚባሉ ከባድ ነገሮች ይከተላሉ። እዚህ አንዳቸውም የሉም። ቱጄንና ፓይኒኑ ግን እንደበፊቱ ቁጭ ብለዋል። ኦክቲል አሲቴት ፋብሪካ የሚያመርተው፣ ለብርቱካን ጣዕምና ሽታ የሚያገለግል፣ ርካሽ ነገር ነው። ያንኑ የቦረና ዘይት ወስዶ አንድ ሰው ጨምሮበታል።

ምን መጨመር እንዳለበት ማን ነገረው? እኔ። በስልክ፣ ፊደል በፊደል።

ከዚህ በኋላ ከጋሼ ጋር ያለን ነገር አበቃ። በግልጽ ተጣልተን አይደለም፤ ስልክ ማንሳት ተወ፣ እኛም መደወል ተውን። እሱ ራሱ ነው የቀላቀለው ወይስ ለሱ የሚያወጣለት ሰው፣ አላጣራነውም። ግን ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ዘይት ንጹሕ ነበር። ምንም አልተጨመረበትም። ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው፣ እሱን ስም ደግሞ ያተምኩት እኔ ነኝ። ወደ ውሸት የተገፋው ሁለተኛው ዘይት የመጣው እኛ "ስቲከራችንን የሚመስል ዘይት አምጣ" ስላልነው ነው።

ያቤሎ

የጋሼን ዕቃ የጫነው አይሱዙ ረዳት የሰፈራችን ልጅ ነው። "ኸረ ትግራይ የት! ከያቤሎ ነው የምንጭነው" አለን እየሳቀ። ግንቦት ላይ ተነሳን። ዲላ፣ ሐገረ ማርያም፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቆላው። ከሐዋሳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የ2014ቱን የቦረና ድርቅ ያላየ ሰው አይገባውም። ዝናቡ ወቅት በወቅት ላይ ሲቀር ከብቱ አለቀ። መንገድ ዳር የደረቀ የከብት ሬሳ አየን፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተለጥፎ። እኛ በዚህ መሀል ዕጣን ከየት እንደመጣ ልንጠይቅ ነው የሄድነው። መኪና ውስጥ ማናችንም አላወራንም።

ኪዮስኩ ከያቤሎ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ባትሪ ድንጋይ። ጥጉ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ማዳበሪያ፣ አፉ የተከፈተ። እጄን ሰደድኩ። ጠቆር ያለ ዕጣን ነው፣ ቡናማና ጥቁር እንክብል፣ ልጥና አሸዋ ያለበት፣ ጣትን ያጣብቃል። ውስጡ ሌላ ዓይነት ሙጫም አለ፤ የአክስቴ ልጅ አንድ እፍኝ ጋዜጣ ላይ አፍስሳ መለየት ጀመረችና ሦስት ዓይነት አወጣች፣ አንዱ ጭራሽ የማይሸት። ባለ ኪዮስኩ የሚገዛው ከሚያመጣለት ሁሉ ነው። ከስንት ሰው? "ገበያ ቀን አርባ፣ ሃምሳ ሰው ይመጣል።" ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ብር አይቀበሉም፣ ዱቄትና ስኳር ያስመዝኑበታል።

እዚያው ሳለን አንዲት ሴት መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ። ትርጉሙን የባለ ኪዮስኩ ልጅ ነበር የሚያደርግልን። ዕጣኑን ከብት ሲጠብቁ፣ አሁን ደግሞ ከብቱ ስላለቀ ለሱ ብለው እየወጡ ይለቅማሉ። ዛፉን ትቆርጡታላችሁ ወይ ስንላቸው ግራ ተጋቡ። ለምን ይቆረጣል? ራሱ ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ እኛ እናነሳለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ስቲከሬ ላይ "ዛፉን ሳይጎዳ" ያልኩት ነገር ምን ማለት እንደነበረ የገባኝ እዚህ ነውና።

የሰሜኑ ዕጣን እንደዚህ አይለቀምም። ዛፉ ይደማል። መንገፍ በምትባል መሣሪያ ልጡ በስሱ ይላጣል፣ ይቆያል፣ የደረቀው ይነሳል፣ ያው ቁስል እንደገና ይታደሳል። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ክረምቱ መግቢያ፣ ብዙ ዙር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የቁስሉን ቁጥር እንደዛፉ ውፍረት ይወስናል፣ ዛፉንም ያሳርፋል። የማያርፍ ዛፍ ይደክማል፣ ነቀዝ ይገባዋል፣ ዘሩም ያንሳል፣ ይመነምናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ የዚህን ዛፍ ጫካዎች አይቶ አብዛኞቹ ውስጥ ትንንሽ ዛፍ እንደሌለ፣ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ቡቃያ ተርፎ እንዳላደገ፣ በዚህ ከቀጠለ የዕጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ነው የተነበየው። ጥፋቱ የማድማቱ ብቻ አይደለም፤ ከብት ቡቃያውን ይበላል፣ እሳት አለ፣ ሰሊጥ እርሻም ይስፋፋል። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ "ዛፉን ሳይጎዳ" ብዬ በወርቃማ ቀለም አትሜያለሁ።

በተሳሳተ ስም የሸጥነው ዘይት ግን የመጣው ከማይደማ ዛፍ ነው። ውሸቱ እውነት ሆኖ ተገኘ! በአጋጣሚ።

እናም እዚያው ኪዮስክ ደጃፍ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ልሠራ ነበር። አዲሱ ስቲከር ጭንቅላቴ ውስጥ መጣ፤ "የቦረና እናቶች በጥንታዊ ዕውቀታቸው፣ ዛፍ ሳይነካ የለቀሙት"፣ ከጎኑ የሴትዮዋ ፎቶ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላንሳዎት ወይ፣ ብልቃጡ ላይ ላደርገው ነው ብዬ አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ ልጁን ሰሙት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ፊቴን ስትሸጠው ስንት ትሰጠኛለህ?"

ልጁ እየሳቀ ነው የተረጎመልኝ። እሳቸው አልሳቁም። በቁም ነገር ነው፣ ዋጋ እየጠየቁ ነው። እኔ መልስ አልነበረኝም፣ ስልኩን መለስኩት።

ማታ ያረፍንበት ቤት የአክስቴ ልጅ ቀሪውን ጨመረችልኝ። እኚያ ሴት አልቆረጡም፤ ማዳበሪያው ውስጥ ግን ከአርባ ሰው የመጣ አለ፣ አርባውን አላየሃቸውም። "ጥንታዊ ዕውቀት" ያልከው ደግሞ የማን ነው? አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚባል ሕግ አለ፣ ማኅበረሰብ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው የሚደነግግ። ሙጫውን እንደማንኛውም ሸቀጥ ገዝቶ መሸጥ አንድ ነገር ነው። የሰዎቹን ዕውቀት ብልቃጥ ላይ ለጥፎ መሸጥ ሌላ ነው። እኔ ደግሞ ስቲከሩን በሐሳቤ አትሜ ጨርሼ ነበር።

ተመልሰን ምን አደረግን

ከ300 ብልቃጥ 186ቱ ተሸጧል፣ 114 መደርደሪያ ላይ አለ። እዚህ ላይ ተጣላን። እሷ "ስቲከሩን ቀይረህ ዝም በል፣ ዘይቱ ጥሩ ዘይት ነው፣ ማንም አልተጎዳ" አለች። ሐሳቧ እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የተበረዘ አልሸጥንም። እኔ ግን እማማ ከዓይኔ አልጠፉም። ለሦስት ቀን ተኮራርፈን ሠራን። በአራተኛው ቀን ራሷ ማስታወቂያውን ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው፦

"የትግራይ ዕጣን ብለን የሸጥንላችሁ ዘይት በላብራቶሪ ስናስመረምረው ያ ሆኖ አልተገኘም። ከቦረና አካባቢ የመጣ ሌላ ዕጣን ነው። ስለ አሰባሰቡ የጻፍነውንም አላረጋገጥንም ነበር። ገንዘቡን የሚፈልግ ይምጣ፣ የጀመረውን ብልቃጥም እንቀበላለን።"

ስልኩ ያለንን ደንበኛ ደወልንለት፣ ቀሪው በቴሌግራም። 11 ሰው ገንዘቡን ወሰደ። አንዱ "ለንስሐ አባቴ ስጦታ ነው የሰጠሁት እኮ!" ብሎ ተቆጣ፣ ልክ ነው። ብዙው ምንም አላለም። አንድ ሁለቱ እንደውም ያችኑ ሽታ ደግመው ፈለጉ። ያልጠበቅነው ከአዲስ አበባ መጣ። ሽቷችንን የሚወስድልን ሱቅ ባለቤት ደወለችና "ለምን አወራችሁ?" አለች። ስለተሳሳታችሁ ሳይሆን ስላወራችሁ። "አሁን ሰው የሌላውንም ሽቶ ሊጠይቀኝ ነው።" ከዚያ በኋላ አላዘዘችንም። ትልቁ ደንበኛችን እሷ ነበረች፣ ለአራት ወር ኪራይ ከኅትመቱ ሥራ ነው የከፈልኩት።

አዲሱን ስቲከር ለማተም ሁለት ወር ፈጀብን። የመጀመሪያው በአንድ ማታ ነበር ያለቀው! አሁን እንዲህ ይላል፦

"የዕጣን ዘይት፣ የቦረና። በላብራቶሪ የታየ፤ ውጤቱን ለጠየቀ እናሳያለን። የተገዛው ያቤሎ አካባቢ፣ ግንቦት 2014። ከለቃሚው እስከ እኛ ያለፈበት እጅ፦ 3። የማናውቀው፦ እያንዳንዱን ለቃሚ፣ ለያንዳንዱ የተከፈለውን።"

"የማናውቀው" የምትለዋን መስመር ያስገባችው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ ሽያጭ ይገድላል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ነው፣ ጣቱን አስቀምጦ ይጠይቃል።

ስለ ዋጋም ልንገራችሁ። የአንዷ 10 ሚሊ ብልቃጥ ዋጋ እዚያ ኪዮስክ ውስጥ ብዙ ኪሎ ዕጣን ይገዛል። ልዩነቱ ሁሉ ዝርፊያ ነው አልልም፤ ብልቃጡ ከውጭ ነው፣ አልኮሉ ውድ ነው፣ ከኪሎ ዕጣን የሚወጣው ዘይት ትንሽ ነው። ግን ያን ልዩነት አስልቼው የማላውቅ ሰው "ፍትሐዊ" የሚል ቃል ለማተም ስንት ጊዜ እንደተቃረብኩ ሳስበው ያስቀኛል። አሁን ለባለ ኪዮስኩ የምንከፍለው ለተለየ ዕጣን ነው፤ ሦስቱ ሙጫ ተለይቶ፣ አሸዋው ተነፍቶ ከመጣ ጭማሪ አለ። መልቀሙን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፣ ጭማሪውም እነሱ ጋ እንዲደርስ ሲመዘን የሚታይ ዋጋ ኪዮስኩ በር ላይ በኦሮምኛ አትሜ ለጠፍኩ። እኔ የምችለው ማተም ነው። በሚቀጥለው ስንሄድ ወረቀቱ ነበረ፣ ዝናብ ስላልነካው አልተበላሸም።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አነሳን። የሎሚ ሳሩ ቀላል ነበር። ወንዶ ገነት በኩል ያሉ ገበሬዎች ናቸው የሚሸጡልን፤ እዚያ ባለው የምርምር ማዕከል ምክንያት መዓዛማ ተክል አዲስ ነገር አይደለም። ዘይቱ እንደ አረቄ ነው የሚወጣው፤ እንፋሎቱ ሳሩን አልፎ ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ማሳውንም ማሰሮውንም በዓይናችን አይተናል። ያለፈበት እጅ፦ 1።

ጽጌረዳ ለምን የላችሁም የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቆቃና ዝዋይ በጽጌረዳ ተሞልቷል እኮ ይሉናል። ያ አበባ ለአበባ ማስቀመጫ የተዳቀለ ነው፣ እንዲቆይ እንጂ እንዲሸት አይደለም፣ ኬሚካልም ይረጭበታል። የሽቶ ጽጌረዳ ሌላ ነው፣ አንድ ኪሎ ዘይት ሦስትና አራት ሺህ ኪሎ የአበባ ቅጠል ይበላል።

ዝባድ፣ ከጥርኝ የሚገኘውን የሽቶ ቅባት፣ የሚጠይቀንም አለ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። ኢትዮጵያ ለዘመናት በቀንድ እየሞላች ለዓለም የላከችው ነው፣ የአገር ኩራት ይመስለናል። ጥርኙ ግን መዞሪያ በሌለው የእንጨት ቆጥ ውስጥ፣ ጭስ ባለበት ጨለማ ቤት ይታሰራል፣ በየዘጠኝና አሥራ ሁለት ቀኑ ተይዞ ከጭራው ሥር ካለው ዕጢ ይፋቅበታል። ሽታውን የሚሰጠውን ነገር፣ ሲቬቶንን፣ ሩዚካ የሚባለው ኬሚስት አወቃቀሩን ካወቀው እ.ኤ.አ. ከ1926 ወዲህ ስንት ዘመን ሆነው፤ ትልልቆቹ የአውሮፓ ሽቶ ቤቶችም ወደ ሰው ሠራሹ ዞረዋል። እንግዲህ ቸገረ። ጥርኙን የማይነካው ሰው ሠራሹ ነው፣ እሱን ካስገባሁ ደግሞ "100% ተፈጥሯዊ" የምትለዋ ትሄዳለች። ዝባድ የለንም እንላለን። "100%" የምትለዋንም ከስቲከሩ አውጥተናታል፤ የቱንም ጥያቄ አትመልስም። አንድ ሰው ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቆዳ አይነካም ብሎ አንገቱን ሙሉ ቀብቶ ቀልቶበት መጣ። ሊሞኒን የብርቱካንም የዕጣንም ዘይት ውስጥ አለ፣ አየር ሲያገኘው ቆዳ ያስቆጣል፤ አውሮፓ ሽቶ ላይ እንዲጻፉ የምታስገድዳቸው ነገሮች 26 ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ80 በላይ አደረሰቻቸው፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተክል ውስጥ ያሉ ናቸው። እኛም ማተም ጀምረናል። ብልቃጧ ትንሽ ስለሆነች ፊደሉ ማጉያ መነጽር ይፈልጋል፤ ለዚያ መላ አላገኘሁም።

እማማ በዓመቱ ፋሲካ ባዛር ላይ ተመልሰው መጡ። አነበብኩላቸው፣ "የማናውቀው" የሚለውንም ጭምር። አንዷን ገዙ። ያኛውስ፣ የቤተክርስቲያኑ፣ መቼ ነው የምታመጣው አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ዛፉን የሚያደማውን ሰው አይቼ፣ ስንት ቁስል እንደሚያወጣበት ጠይቄ፣ ላብራቶሪ ልኬ። ረጅም ነው መንገዱ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖናል፣ ድምፁ አልተለወጠም። ጤና ጠየቀ፣ ልጆች ጠየቀ፣ የአክስቴን ልጅ ጠየቀ። ከዚያ አዳማ ያለ አንድ ገዢ አግኝቷል፣ የቦረና ዕጣን ዘይት የሚፈልግ። ሰውዬው የኛን ብልቃጥ አይቶ ወዶታል።

"ያችን ስቲከራችሁን ፋይሉን ላክልኝ እስቲ። እጅ፦ 3 የምትለዋ ያለችበትን።"

አልላክሁለትም። ስቲከሩ ግን ብልቃጡ ላይ ነው፣ ፎቶ ማንሳት ለሚችል ሰው ሁሉ።